ካሜራና መቀስ በታሪክ ፊት

ከጅማ ከተማ በላይ በጅሬን ኮረብታ ላይ የንጉሥ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከነሰገነቱና ከነእንጨት ሥራው እስከ ዛሬ ድረስ ቆሞ ይታያል። የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ በዘጋቢ ፊልም ለማስቀመጥ የሚፈልግ ሰው ወደዚያ ቢወጣ፤ መጀመሪያ የሚያጋጥመው ጥያቄ ካሜራዬን ወዴት ላዙር የሚል ነው። ወደ ሰገነቱ ቢያዞር የንጉሡን ክብር ያያል፤ ቁልቁል ወደ ሂርማታ ቢያዞር ደግሞ ሰው እንደ ዕቃ ይሸጥበት የነበረውን የገበያ ስፍራ ያያል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ነገር ግን አንዱን ብቻ የሚያሳይ ፊልም፤ አንድም የሐሰት ቃል ሳይናገር ተመልካቹን ሊያሳስት ይችላል።

ተንቀሳቃሽ ሥዕል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1895 ዓ.ም. በፓሪስ ለሕዝብ ከታየ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ወደ አገራችን ገብቷል። በአዲስ አበባ ፊልም ይታይበት የነበረውን ቤት የዚያን ጊዜ ሰው «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት ነበር። ስያሜው ዛሬ ያስቀን ይሆናል፤ ሆኖም የሌለውን ሰው እንዳለ አድርጎ የሚያሳይ ነገር ኃይሉ ቀላል አለመሆኑን ያ ሕዝብ ሳይረዳው አልቀረም። ይህም ኃይል በአገራችን ምን ሊያደርግ እንደሚችል በግልጽ የታየው በ1966 እና በ1967 ዓ.ም. ነው።

እንደሚታወቀው በዚያን ዘመን በወሎና በትግራይ ጽኑ ረሃብ ገብቶ በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ አልቋል። ነገሩ ተሸፋፍኖ ሳለ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ወደ ወሎ ሄዶ ያዘጋጀው «ያልታወቀው ረሃብ» የተሰኘ ፊልም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ቴሌቪዥን ታየ። ያየውም ሕዝብ ደንግጦ ለርዳታ እጁን ዘረጋ። ፊልሙ ስለዚህ ሥራው ይመሰገናል እንጂ አይነቀፍም።

ዓመቱ ዞሮ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ይኸው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ ነገር ግን እንደ ቀድሞው አልነበረም። ደርግ በየመካከሉ የቤተ መንግሥቱን የግብዣና የድግስ ትርኢት አስገብቶበት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም እንዲመለከቱት ተነገራቸው፤ በማግስቱም ከዙፋናቸው ወረዱ።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስብ ያስፈልጋል። የተራበው ሕፃን እውነት ነበር፤ ግብዣውም እውነት ነበር። አዲስ የሆነው ነገር ቢኖር ሁለቱን ቆርጦ የቀጠለው መቀስ ነው። በአንድ ቀንና በአንድ ስፍራ ያልተነሡ ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲቆሙ አንዱ የሌላው ምክንያት ሆኖ ይታያል፤ ተመልካቹም ሳይመረምር ይፈርዳል። ይህን ስንል ረሃቡን በመሸፈን የተፈጸመውን በደል ለማቅለል አይደለም፤ በደሉ በደል ነው። የምንለው፤ በዚያች ማታ ፊልሙ ከምስክርነት ወደ ከሳሽነት ተዛውሮ ነበር ነው።

ከሳሹም ቢሆን ከዚያው ፍርድ አላመለጠም። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በታላቅ ወጪ ሲከበር በሰሜኑ ክፍል ሕዝብ በረሃብ ያልቅ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን ቢቢሲ ከኮረም የቀረበውን ዘገባ ባሳየ ጊዜ ዓለም ሁሉ ይህን አወቀ። ግብዣና ረሃብ እንደ ገና ጎን ለጎን ቆሙ፤ በዚህ ጊዜ ግን የትናንቱ ከሳሽ የዛሬ ተከሳሽ ሆነ።

እንግዲህ በዚህ ትምህርት ወደ ጅሬን እንመለስ። አባ ጅፋር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ዓ.ም. ጅማን የገዙ፤ በቁመታቸውም በብልኃታቸውም ስማቸው የገነነ ሰው ናቸው። በ1880ዎቹ ለምኒልክ በሰላም ገብተው ግብር በመክፈላቸው አገራቸውን ከጦርነት አድነዋል፤ የውስጥ አስተዳደራቸውም ለብዙ ዘመን ሳይነካ ቆይቷል። እናታቸው ገኔ ጉሚቲም ይህን የሰላም መንገድ እንደ መከሩ ይነገራል። የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ግን ተዋግተው በ1897 ዓ.ም. ተማረኩ፤ አገራቸውም ጠፋ። ከፋን በወጋው ሠራዊት ውስጥ የጅማም ጦር ነበረበት።

በሂርማታ ገበያ ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ብቻ ሳይሆን የሰው ልጅም ይሸጥ ነበር። ከደቡብና ከምዕራብ የተማረኩት ሰዎች በዚያ በኩል ወደ ሰሜንና ወደ ቀይ ባሕር ጠረፍ ይነዱ ነበር፤ በቤተ መንግሥቱም ብዙ ባሮች ያገለግሉ ነበር። ይህ የጅማ ብቻ ነውር አልነበረም። ኢትዮጵያ ወደ መንግሥታት ማኅበር በገባችበት በ1916 ዓ.ም. በባርነት ላይ ሕግ ወጣ፤ ፈጽሞ የተሻረው ግን በ1934 ዓ.ም. አዋጅ ነው።

የሰላሙን ብልኃት ብቻ የሚያሳይ ፊልም የተሸጡትን ሰዎች ሁለተኛ ጊዜ ይሸጣቸዋል። ገበያውን ብቻ የሚያሳይ ደግሞ ስንት ነፍስ ከጦርነት እንደ ተረፈ ይደብቃል። በጅማ አካባቢ የባለቤተ መንግሥቱም የተሸጠውም ሰው የልጅ ልጆች ዛሬ ባንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይማራሉ፤ ስለዚህ ፊልሙ ለሁለቱም ዕዳ አለበት። ዕዳውንም የሚከፍለው ሥዕሉን ከነዘመኑና ከነስፍራው ሲያቀርብ፤ ለባለ ታሪኩም ለተበደለውም እኩል የመናገሪያ ጊዜ ሲሰጥ ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ንጋት ያለ ሰው ድካም ይጠራል፤ እውነት ግን የሚያጠራው ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ መምህር ለተማሪዎቹ ፊልም ባሳየ ጊዜ ያዩትን ብቻ ሳይሆን መቀሱ ያስቀረውንም እንዲጠይቁ ቢያስተምራቸው ታላቅ ውለታ ይውልላቸዋል።