“መቼ ነው የምትቀየረው?”

ጓደኛችን ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኖ ሲመደብ መጀመሪያ የምንጠይቀው ጥያቄ ይታወቃል፤ “መቼ ነው የምትቀየረው?” እንኳን ደስ ያለህ አንልም፤ ምን ልታስተምር ነው አንልም። ምድቡ አሶሳ ከሆነማ ለቅሶ ቤት እንደገባን ያህል አዝነን ነው የምንሸኘው። ዛሬ ይህን ጥያቄያችንን በታሪክ ፊት እናቁመው ብለናል። ምስክሮቻችን ዕፅዋት ናቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መንገደኞቹ

ቤኒሻንጉል ሲባል ለእኛ ለአዲስ አበባ ልጆች ትዝ የሚለን ወርቅ ነው፤ ቀጥሎ ግድቡ። ከዚያ ጨዋታው ያልቃል። በዚህ ግን ብቻችንን አይደለንም። በ1837 እና በ1838 ኦስትሪያዊው ሩሴገር ወደ ፋዙግሊና ቤኒሻንጉል ያቀናው የግብጹ ገዢ መሐመድ ዓሊ ወርቅ እንዲፈልግለት ስለላከው ነው። በዚያ ጉዞ ቴዎዶር ኮትሺ የሚባል ዕፅዋት ሰብሳቢም ነበር። ወርቅ ፍለጋ በተነሳ ጉዞ ላይ ተደርቦ የተሰበሰበው ቅጠልና አበባ ደርቆ አውሮፓ ገባ። አካባቢው በ1890ዎቹ መጨረሻ በምኒልክ ሥር ሲጠቃለልም ከሁሉ በፊት የሚነሳው ያው ወርቁ ነበር።

መንገደኛ ደግሞ የሚያየው የደረሰበትን ወቅት ብቻ ነው። በአሶሳ ዙሪያ፣ እስከ ጾሬና ሆሞሻ ድረስ ያለው ምድር የኮምብሬተምና የተርሚናሊያ ዛፎች አገር ነው። ለጢስ የምንገዛው ወይባ የእነዚሁ ቤተሰብ ነው። ዛፎቹ ተራርቀው ይቆማሉ፤ በመካከላቸው ረጅም ሣር ይበቅላል። በበጋ ቅጠላቸው ይረግፋል፣ ሣሩ ይደርቃል፣ እሳት ያልፍበታል። በጥር የመጣ ሰው የተቃጠለ ምድር አይቶ “በረሃ ነው” ብሎ ይመለሳል። በነሐሴ የመጣው ደግሞ ሰው የሚሰውር ሣር አይቶ “ገነት ነው” ይላል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ግን ሁለቱም አላወቁትም።

ከአድዋ እስከ አስመራ

ኢኮሎጂ ዕፅዋትን እየቆጠሩ ስም መስጠት ብቻ አይደለም። ማን ከማን ጋር ይኖራል? እሳቱ ማንን ይጥላል፣ ማንን ያነሳል? ብሎ መጠየቅ ነው። በእኛ አገር ይህን ጥያቄ ይዘው ረጅም መንገድ ከሄዱት አንዱ ዶ/ር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ናቸው። በ1940 በአድዋ አካባቢ ተወለዱ፤ በ1969 ከዌልስ፣ ባንጎር ዶክትሬታቸውን ያዙ። ተመልሰው በአዲስ አበባ አስተማሩ፤ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን ሆኑ፤ የደረቁ ዕፅዋት የሚቀመጡበትን ብሔራዊ ሀርቤሪየም መሩ።

በ1980 ከስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተጀመረውን የኢትዮጵያ ፍሎራ ፕሮጀክትም መርተዋል። የአገሪቱን ዕፅዋት ሁሉ መዝግቦ የመጨረስ ሥራ ነበር። መጽሐፎቹ ተጠናቀው የወጡት በ2009 ነው፤ 6,000 ያህል የዕፅዋት ዓይነት ተመዘገበባቸው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት! በመካከሉ መንግሥት ተለወጠ፤ ሥራው ግን ቀጠለ።

ተወልደ በ1983 አስመራ ዩኒቨርሲቲን ሊመሩ ሄዱ። በ1990 ግን ጦርነቱ ዩኒቨርሲቲውን ነቀለው፤ መምህራኑና የሚንቀሳቀስ ንብረቱ ወደ መሀል አገር ተጓዘ። ሰው በአውቶቡስ ይሄዳል፤ መጽሐፍም በሳጥን ይሄዳል። ለዓመታት ስትከታተለው የኖርከውን ኮረብታ ግን የት ትጭነዋለህ?

ኋላ ላይ ስማቸው በዓለም መድረክ የተጠራው የገበሬውንና የማኅበረሰቡን መብት ይዘው ስለተከራከሩ ነው፤ ዘሩንም ዕውቀቱንም ጠብቆ ያቆየው አብሮት የኖረው ሕዝብ ነው ብለው። በ2000 “አማራጭ ኖቤል” የሚባለውን ሽልማት አገኙ፤ በ2023 አረፉ።

የሽመል ሰዓት

አሁን ወደ አሶሳ እንመለስ። የቆላው ቀርከሃ፣ ሽመል፣ በበርታውና በጉሙዙ ዘንድ ቤትም አጥርም ነው፤ በክረምት ቡቃያው ምግብ ነው። ሽመል ብዙ ዓመት ሳያብብ ይኖራል። ከዚያ በአንድ አካባቢ ያለው በጅምላ ያብብና ዘሩን አፍስሶ ይደርቃል። የመጨረሻውን ያየ ሕፃን ቀጣዩን የሚያየው ምናልባት ልጆች ወልዶ ነው። የሁለት ሳምንት ጥናት ይዞ የመጣ ሰው ይህን በምን ዕድሉ ያገኘዋል?

መንገደኛ አይጠቅምም እያልን አይደለም። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ኖርዌያዊቷ ኢንገር ኑርዳል ከምዕራብ ኢትዮጵያ የሽመል ጫካ ያገኙትን አበባ በ2002 ለሳይንስ አዲስ ብለው አስተዋውቀዋል፤ ስሙንም በቀርከሃው ሰየሙት፣ ክራይነም ባምቡሴተም። በ2010 ሰብስቤ ከኢብ ፍሪስና ከፓውሎ ቫን ብሩገል ጋር የአገሪቱን ዕፅዋት በ12 ዓይነት የከፈለ አትላስ አወጡ። በ2022 ደግሞ ስለዚሁ የምዕራብ ምድር ብቻ ትልቅ መጽሐፍ ታተመ። እነዚህ ሰዎች ደግመው ደጋግመው የተመላለሱ መንገደኞች ናቸው። ካርታውን ሠርተው ሰጥተውናል። ካርታው በእሳትና በመጥረቢያ ሲለወጥ ዓመት በዓመት የሚያርመው ግን እዚያው ያለ ሰው ነው።

አሶሳ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው በ2011 ነው። ጾሬ ላይ ደግሞ ከ2015 ጀምሮ የስደተኞች መጠለያ አለ። በ2023 የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ ወደ ክልሉ የሚሻገረው ሰው ጨምሯል። የሸሸ ሰው ወጥ መሥራት አለበት፤ ወጥ እንጨት ይፈልጋል። በዚያ የሚኖረውም ሕዝብ እንጨት ይፈልጋል። ታዲያ የትኛው ዛፍ ተቆርጦ መልሶ ያቆጠቁጣል? የትኛው በዚያው ይቀራል? የቱ ቦታ ይረፍ? ይህን መጠለያ የሚያስተዳድረው ቢሮም፣ እንጨት ለቃሚዋ እናትም ማወቅ አለባቸው። መልሱ የሚገኘው አንዱን ቦታ በየዓመቱ እየተመለሰ ከሚለካ ሰው ነው፤ የሽመሉን ታሪክ ከሽማግሌዎቹ በቋንቋቸው ጠይቆ ከሚጽፍ ሰው።

ይህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ይፈጃል። ሠላሳ ዓመት ደግሞ የአንድ መምህር ሙሉ የሥራ ዘመን ነው። እኛ ግን ገና ሻንጣውን ሳይፈታ “መቼ ነው የምትቀየረው?” እያልን እንደውልለታለን።

በሚቀጥለው ስንደውል ሌላ ነገር እንጠይቀው እስቲ፤ “ሽመሉስ እንዴት ነው? ዘንድሮ አበበ?”