የተተካ አካል በሰውነት እንዳይገፋ የመከላከያ ሕዋሳትን መቆጣጠር

የአካል ክፍሎች ንቅለ ተከላ ውጤታማነት የሚወሰነው በቀዶ ሕክምናው ጥራት ብቻ ሳይሆን፣ የታካሚው በሽታ የመከላከል ሥርዓት አዲሱን አካል በሚቀበልበት ሁኔታ ጭምር ነው።

ቲ-ሕዋሳት የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት፣ በሌሎች ሕዋሳት ገጽ ላይ በሚገኙ መለያ ፕሮቲኖች አማካይነት የራስን ከባዕድ ይለያሉ። ከሌላ ሰው የተወሰደ ኩላሊት የተለየ መለያ ስለሚይዝ እንደ በሽታ አምጪ ተህዋስያን ቆጥረው ያጠቁታል።

እ.ኤ.አ በ1954 ዶክተር ጆሴፍ መሪ በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ያካሄዱት የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተሳካው፣ ለጋሹና ተቀባዩ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች በመሆናቸው ነበር። እንዲህ ያለ መንትያ ለሌላቸው ሕሙማን ግን መድኃኒት አስፈላጊ ሆኗል።

ከእነዚህም መካከል ከኖርዌይ አፈር በተገኘ ፈንገስ የተሠራውና እ.ኤ.አ በ1983 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው ሳይክሎስፖሪን፣ እንዲሁም በጃፓን ከአፈር ባክቴሪያ የተገኘው ታክሮሊመስ ይጠቀሳሉ። ሁለቱም ካልሲኒውሪን የተባለውን ኢንዛይም በማገድ፣ ቲ-ሕዋሳት እንዲባዙ የሚያደርገውን ኢንተርሉኪን-2 የተሰኘ ፕሮቲን ምርት ይገታሉ።

ይሁን እንጂ የመድኃኒቱ መጠን ሲያንስ አካሉ በሰውነት ሊገፋ ይችላል፤ ሲበዛ ደግሞ ታካሚው ለኢንፌክሽንና ለካንሰር ይጋለጣል፤ ኩላሊቱም በመድኃኒቱ ሊጎዳ ይችላል። በዚህም ምክንያት በደም ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን በላቦራቶሪ በየጊዜው ይለካል።

መድኃኒቶቹ የመከላከል አቅምን በጥቅሉ የሚያዳክሙ በመሆናቸው፣ ተመራማሪዎች ይበልጥ የተመረጠ መንገድ በመፈለግ ላይ ናቸው። ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ እ.ኤ.አ በ1995 የለዩአቸው ተቆጣጣሪ ቲ-ሕዋሳት ሌሎች የመከላከያ ሕዋሳት ከልክ እንዳያልፉ የሚገቱ ናቸው። ተመራማሪው በዚሁ ዘርፍ ባከናወኑት ሥራ ከሜሪ ብራንኮውና ከፍሬድ ራምስዴል ጋር የ2025 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። እነዚህን ሕዋሳት ከታካሚው ደም ወስዶ በማባዛት መልሶ የመስጠት ዘዴ በኩላሊት ተቀባዮች ላይ እየተሞከረ ሲሆን፣ ገና መደበኛ ሕክምና አልሆነም።

በኢትዮጵያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በመስከረም 2008 ዓ.ም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተጀምሯል። ታካሚዎች መድኃኒቱን በአብዛኛው ዕድሜ ልካቸውን ያለማቋረጥ መውሰድ ስለሚኖርባቸው፣ ያልተቆራረጠ የመድኃኒት አቅርቦትና የላቦራቶሪ ክትትል ከቀዶ ሕክምናው የማይነጠሉ የአገልግሎቱ አካላት ናቸው።