አሮጌው ወፍጮ ሳይፈርስ

ጊዳ አያና ላይ ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ወፍጮ ቤት ቢያስፈጭና ድንጋዩ ቢሰበር፣ ጾሙን የሚያድረው አንድ ቤት አይደለም። የኮምፒውተር የጋራ ላይብረሪም እንዲሁ ነው፤ አንድ ፋይል ብዙ ፕሮግራሞችን ይመግባል።

በ1989 ዓ.ም. የሊኑክስ መሠረታዊ የሲ ላይብረሪ ከሊብሲ 5 ወደ ሊብሲ 6 መሸጋገር ጀመረ። አሮጌው ቢሰረዝ የድሮ ፕሮግራሞች አይነሱም ነበር። ስለዚህ አዲሱ በሌላ ቁጥር ጎኑ ተቀመጠ፤ እያንዳንዱ ፕሮግራም የለመደውን እየጠራ ኖረ። በሐምሌ 1990 ዓ.ም. የወጣው ዴቢያን 2.0 በአዲሱ ላይ ተሠራ።

መጋቢት 29 ቀን 2006 ዓ.ም. ደግሞ የኦፕን ኤስኤስኤል ቀዳዳ፣ ሃርትብሊድ፣ ይፋ ሆነ። ማስተካከያው፣ 1.0.1ጂ፣ ያኑ ቀን ወጣ። በፓኬጅ የጫነ ሰው በአንድ ትእዛዝ አደሰ። እንደኛ ከሶርስ ኮድ ኮምፓይል ያደረገውን ግን ሲስተሙ አያውቀውም፤ ራሱ ካላስታወሰ ቀዳዳው ክፍት ይቀራል። ያደሰም ቢሆን ሰርቨሩን ካላስነሳው አሮጌው ኮፒ ሜሞሪ ውስጥ ይሠራል።

እንግዲህ ወዳጆቻችን፦ አዲሱን ለብቻው ጫኑ፣ ሞክሩ፣ ሊንኩን አዙሩ፣ ፕሮግራሞቹን እንደገና አስነሱ። አሮጌውን፣ ቀዳዳ ከሌለበት፣ ለክፉ ቀን አስቀምጡ። በእጃችሁ የገነባችሁትን ሁሉ ደግሞ ዛሬውኑ ወረቀት ላይ መዝግቡት።