ዓይነ ስውሯ ሻጭ

አሜሪካዊው ሪቻርድ ጋሪየት በሠራቸው በመጀመሪያዎቹ ሦስት የኡልቲማ የኮምፒዩተር ጨዋታዎች፣ ጀግና ማለት ክፉውን የገደለ ነበር፤ ቢሰርቅም ማን ጠይቆት! በ1985 እ.ኤ.አ. በወጣው በአራተኛው ግን የሚገደል የክፉዎች አለቃ የለም። ተጫዋቹ ሐቀኝነትን፣ ርኅራኄንና ትሕትናን የመሳሰሉ ስምንት ምግባራትን በሥራው ማሳየት አለበት።

እስቲ አንዷን ሻጭ እንይ። የአስማት ቅጠላ ቅጠል ትሸጣለች፤ ዓይነ ስውር ናት። ሒሳቡን ቆጥሮ የሚሰጣት ገዢው ነው። ቢያጎድልባት አትጮህም፣ ዘብም አይመጣም። ጨዋታው ግን ዝም ብሎ ይመዘግባል፤ የጎደለው ሐቀኝነትም ኋላ መንገድ ይዘጋበታል።

«ታዲያ ይሄ ምግባር ነው ወይስ ነጥብ ለቀማ?» የሚል አይጠፋም። እኛ ግን እንላለን፦ መዝገቡ በቁጥር ስለማይታይ፣ ተጫዋቹ ሲከፍል ከሴትዮዋ ጋር ብቻውን ነው። ያጎደለ እንደሆነ፣ የታሪኩ ክፉ ሰው እሱ ራሱ ሆነ ማለት ነው።