መሃል ላይ የሚቀመጠው ማን ነው?

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን በኮምፒውተር እናገናኝ ሲባል ክርክሩ ብዙውን ጊዜ በጀት ላይ ያርፋል። ከበጀቱ የሚቀድም ጥያቄ ግን አለ፦ መልእክቱን መሃል ሆኖ የሚያቀባብለው ማን ነው? መሃሉን የያዘ ሁሉን ያያል፤ ሲፈልግም ሁሉን ያቆማል። ትንሿ ኢስቶኒያ ለዚህ ጥያቄ የሰጠችው መልስ ዛሬም ትምህርት ነው።

ኢስቶኒያ ከሶቪየት ኅብረት ተላቃ ነፃነቷን ያስመለሰችው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ሕዝቧ ጥቂት፣ ገንዘቧም ውስን ነበር። በቀጣዮቹ ዓመታት የነዋሪዎች ምዝገባው፣ የተሽከርካሪ ምዝገባው፣ የጤና መድኑ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የመረጃ ቋት ለብቻቸው ገነቡ። ሁሉንም ጥንድ ጥንድ አድርጎ ማገናኘት ደግሞ አያዛልቅም። 10 መሥሪያ ቤቶች 45 መስመር ይፈልጋሉ፤ 100 ሲሆኑ መስመሩ 4,950 ይደርሳል።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ትልልቅ ኩባንያዎች ለዚሁ ራስ ምታት የገዙት መድኃኒት "ኢንተርፕራይዝ ሰርቪስ በስ" ይባላል። እያንዳንዱ ሲስተም ከመሃለኛው ጋር ብቻ ይገናኛል። መሃለኛው መልእክቱን ወደ ተቀባዩ ቋንቋ ይቀይራል፣ ወዴት እንደሚሄድ ይወስናል፣ ተቀባዩ ከሌለም ይዞ ይጠብቃል። መስመሩ በእርግጥ ቀነሰ። ዓመታት ሲያልፉ ግን የየክፍሉ ደንብ ሁሉ መሃል ላይ ተከማቸ። ትንሽ ለውጥ የፈለገ ሁሉ መሃሉን የሚያስተዳድረውን ቡድን ደጅ ይጠና ጀመር። መሃሉ ሲወድቅም ሌላው አብሮ ይቆማል። በ2014 ጄምስ ሉዊስና ማርቲን ፋውለር ባወጡት ታዋቂ ጽሑፍ ብልሃቱ ዳርና ዳር እንዲሆን፣ ቧንቧው ግን ማስተላለፍ ብቻ እንዲሠራ መከሩ።

ኢስቶኒያ ወደዚህ ሐሳብ ቀድማ ደርሳ ነበር። በ2001 ሥራ የጀመረው "ኤክስ-ሮድ" መረጃውን ሁሉ ወደ አንድ ግዙፍ ቋት አልሰበሰበም፤ ሁሉን አወቅ ደላላም አላስቀመጠም። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት መዝገቡን በእጁ ይዞ ደጁ ላይ የጥበቃ ሰርቨር ይተክላል። መልእክቱ ተመስጥሮና በዲጂታል ፊርማ ታትሞ ከላኪ በቀጥታ ወደ ተቀባይ ይሄዳል፤ በሁለቱም ወገን ይመዘገባል። ማዕከሉ የሚይዘው አባላቱ እነማን እንደሆኑና በማን ፊርማ መታመን እንደሚቻል ነው። መልእክቱ በእሱ በኩል አያልፍም።

ቴክኖሎጂው ብቻውን አልቆመም። መንግሥት አንዴ የተቀበለውን መረጃ ዜጋውን ደግሞ እንዳይጠይቅ ሕግ ወጣ። ዜጋውም በብዙ መዝገቦች ላይ መረጃውን የትኛው መሥሪያ ቤት እንዳየው መመልከት ይችላል። ተመልካቹ ራሱ ይታያል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ እንከን የለሽ አላደረጋትም። በ2017 ዜጎች አገልግሎት ለማግኘት የሚጠቀሙበት የመታወቂያ ካርድ ቺፕ ላይ ጉድለት ተገኝቶ ከ700,000 በላይ ካርዶች ለአደጋ ተጋለጡ። በሩ የቱንም ያህል ቢጠነክር ቁልፉ ከተሰበረ ዋጋ የለውም።

የኤክስ-ሮድ ኮድ ዛሬ ለማንም ክፍት ነው፤ ፊንላንድም ተቀብላ እየሠራችበት ነው። ኮዱን መቅዳት ቀላል ነው። የሚከብደው ማዕከሉን የያዘ አካል ሁሉን የማየት ሥልጣን ሳይኖረው እንዲሠራ መስማማት ነው። ይህን ደግሞ ኢንጂነር ብቻውን አይወስነውም።