የጫጩት ማሞቂያ

የጫጩት ማሞቂያ ያለ እናት ዶሮ የሚያድጉ ጫጩቶች ከተፈለፈሉ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ሙቀት እንዲያገኙ የሚያደርግ መሣሪያ ወይም ዘዴ ነው። እንደ ደብረ ብርሃንና የአንኮበር ወረዳ ዋና ከተማ ጎረቤላ ባሉ የሰሜን ሸዋ ደጋማ ቦታዎች የሌሊቱ ብርድ ብርቱ ነው። ስለዚህ ማሞቂያ ሲመረጥ የሙቀቱ ኃይል ብቻ ሳይሆን ሌሊቱን ሙሉ ሳይቋረጥ መቆየቱም መታየት አለበት።

የሙቀት ፍላጎት

የዶሮ የሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። አዲስ የተፈለፈለ ጫጩት ላባ ስላላበቀለ ይህን ሙቀት በራሱ ጠብቆ ማቆየት አይችልም። በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩቶቹ ያሉበት ቦታ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ መሆን ይኖርበታል፤ ከዚያ በኋላ 21 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። የበረዳቸው ጫጩቶች መኖና ውሃ ትተው ይደራረባሉ፤ ከሥር ያሉትም ታፍነው ሊሞቱ ይችላሉ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ላይ ትገኛለች፤ በበጋ ወራት ሌሊት ውርጭ ይጥላል። በአንጻሩ ከአንኮበር በስተ ምሥራቅ ቁልቁል የምትገኘው አልዩ አምባ ሞቃት ናት። በመሆኑም በአንድ ወረዳ ውስጥ እንኳ የሚያስፈልገው ማሞቂያ ይለያያል።

የሙቀት ምንጮች

የኤሌክትሪክ አምፖል፦ ለመቆጣጠር ቀላል ነው፤ አምፖሉን ከፍና ዝቅ በማድረግ ሙቀቱ ይስተካከላል። ለዚህ የሚሠራው የድሮው ባለ ሽቦ አምፖል ወይም የኢንፍራሬድ አምፖል ነው። ኤልኢዲ አምፖል የሚሰጠው ሙቀት ጥቂት ስለሆነ አያገለግልም። ባለ 250 ዋት ኢንፍራሬድ አምፖል ቀንና ሌሊት ከበራ በቀን 6 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ዋናው ጉድለቱ መብራት ሲጠፋ ሙቀቱም አብሮ መጥፋቱ ነው። በገመዱ ብቻ ከተንጠለጠለና ሰጋቱራ ላይ ከወደቀ ደግሞ እሳት ያስነሳል፤ ስለዚህ በሰንሰለት ወይም በጠንካራ ሽቦ ይታሰራል።

ከሰል፦ መብራት በሌለበት ቦታ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ሙቀቱ ወጥ አይደለም፤ ሌሊት ካልተጨመረበት ይከስማል። ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ጫጩቶቹንም ሰውንም ይገድላል። ከሰሉ ከውጭ በደንብ ተቀጣጥሎ ቢገባም አደጋው አይቀርም፤ ሰው በሚተኛበት ቤት ፈጽሞ መጠቀም አይገባም።

የድርቆሽ ሳጥን፦ ሙቀት አያመነጭም፤ የጫጩቶቹን የራሳቸውን ሙቀት ይይዛል። በሳጥኑ ዙሪያና በክዳኑ ላይ ደረቅ ድርቆሽ ይጠቀጠቃል፤ ጫጩቶቹ ሌሊት መሐል ላይ ይተኛሉ፤ ቀን ከሳጥኑ ጋር በተያያዘ አጥር ውስጥ ይመገባሉ። ነዳጅም መብራትም አይፈልግም። ነገር ግን ቁጥራቸው በጣም ካነሰ ሳጥኑን ማሞቅ አይችሉም። አየር ማስገቢያ ያስፈልገዋል፤ የረጠበ ድርቆሽ ሙቀት ስለማይይዝና ስለሚሻግት ቶሎ ይቀየራል።

አቃፊ ዶሮ፦ ለጥቂት ጫጩቶች ከሁሉም የረከሰች ናት። የሌላ ጫጩት እንድትቀበል ጫጩቶቹ በጨለማ ከሥሯ ይጨመሩላታል። እንደ ሌግሆርን ያሉ ለእንቁላል የተመረጡ ዝርያዎች ግን የማቀፍ ጠባያቸው ደካማ ነው።

አመራረጥ

በደጋ አስቀድሞ የሚሠራው ሙቀቱ እንዳይባክን ማድረግ ነው፦ የግድግዳ ቀዳዳ መድፈን፣ ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ወይም ጭድ ማንጠፍ፣ ጫጩቶቹን በካርቶን መክበብ። አየር ግን ከላይ መግባት አለበት። መብራት የሚቆራረጥበት ሰው ቀን አምፖል፣ ሌሊት የድርቆሽ ሳጥን ቢጠቀም መብራት በመጥፋቱ ብቻ ጫጩቶቹን አያጣም። ማሞቂያ ማዘጋጀት የማይችል አርቢ ደግሞ የአንድ ቀን ጫጩት ከመግዛት ይልቅ፣ ላባ ያወጣውን የ45 ቀን ጫጩት መግዛት ይሻለዋል፤ ዋጋው ቢጨምርም አስቸጋሪው ጊዜ አልፏል።

ሙቀቱን ማረጋገጫ

ቴርሞሜትር የሚቀመጠው በጫጩቶቹ ጀርባ ከፍታ ነው። ቴርሞሜትር ከሌለ የጫጩቶቹ ሁኔታ ይነግራል፦

ከማሞቂያው ሥር ተጠጋግተው ከጮኹ በርዷቸዋል።
ርቀው ክንፋቸውን ከዘረጉና ካለከለኩ ሞቋቸዋል።
ሁሉም ወደ አንድ ጥግ ከሸሹ ነፋስ ይገባባቸዋል።
ተበታትነው ከበሉና ከተኙ ሙቀቱ ተስማምቷቸዋል።