ከኮሶ እስከ ክትባት፦ የባህላዊ የከብት ሕክምና ታሪክና ለጤና ባለሙያው ያለው ትምህርት

በአገራችን ገጠር ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያድሩ ኖረዋል። መድኃኒታቸውም በአብዛኛው ከአንድ ጓሮ የሚለቀም ነበር። ለሰው ሥር የሚምሰው መድኃኒት ዐዋቂ ላሟንም በቅሎዋንም ያክማል። የበሽታ ስም እንኳ ይጋራሉ፤ አባ ሰንጋ በሚለው ስያሜ ውስጥ ሰንጋው ራሱ ተጠቅሷል። የሰው ሕክምናና የእንስሳት ሕክምና በየፊናቸው ትምህርት ቤት ያገኙት ከዚህ ረጅም ዘመን በኋላ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ባህላዊው የከብት ሕክምና የት እንደሠራ፣ የት እንደተሸነፈና ለዛሬው የጤና ባለሙያ ምን እንደሚያስተምር ለመዳሰስ ይሞክራል።

አባቶቻችን የተሻለ ውጤት ያገኙት በዓይን በሚታየው ጠላት ላይ ነው። ከኩሬ የጠጣ ከብት አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ አልቅት ሲጣበቅ፣ ባለቤቱ የትምባሆ ቅጠል ጨቅጭቆና በውኃ በጥብጦ በአፍንጫው ያንጠባጥብለታል፤ አልቅቱም ይለቃል። ለመዥገርና ለቅማል የድግጣ ቅጠል ተወቅጦ ቆዳው ይታሻል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የላቦራቶሪ ጥናትም የዚሁ ተክል የቅጠል ጭማቂ መዥገርን እንደሚገድል ወይም እንደሚያሽመደምድ አሳይቷል። ሆዱ ለተነፋ ከብት ግራዋ ተጨምቆ ይሰጠዋል። ከእንስሳት የሚገኘውም ከመድኃኒቱ አይጎድልም፤ ቅቤ ለቆዳ፣ ማር ለቁስል፣ ሐሞትም ለልዩ ልዩ ሕመም ይውላሉ። ሰው ዋግምት የሚታገምበትም የከብት ቀንድ ነው። ማር ውኃ ስለሚስብና አሲድነት ስላለው ባክቴሪያ እንዳይራባ ማድረጉ ዛሬ የታወቀ ነው። ሆኖም ልኬቱ በእፍኝና በስኒ በመሆኑ መጠኑ ከዐዋቂ ዐዋቂ ይለያያል፤ በአፍንጫ የፈሰሰው መድኃኒትም ወደ ሳንባ ገብቶ ከብቱን ሊገድለው ይችላል።

የኮሶ ታሪክ የዚህን ሕክምና ብርታትና ጉድለት አንድ ላይ ያሳያል። የኮሶ ዛፍ አበባ የኮሶ ትልን ከሰው አንጀት ያስወጣል፤ በዚህም ወደ አገራችን የመጡ የውጭ ተጓዦች በተደጋጋሚ ጽፈውለታል። ከመጠን በላይ ሲወሰድ ግን የዓይን ብርሃንን ይጎዳል። ከዚህ የሚብሰው ጉድለት ሌላ ነው። ኮሶ የጠጣው ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ከሣሩ ጋር ወደ ከብቱ ሆድ ይገባል፤ በጡንቻውም ውስጥ ፍሬ ሆኖ ይቀመጣል። ያው ሰው ጥሬ ሥጋ ሲበላ ትሉ ተመልሶ ይመጣል። እንግዲህ መድኃኒቱ ሕመምተኛውን ቢፈውስም ዑደቱን አልሰበረም። ዑደቱ የሚሰበረው በመጸዳጃ ቤት፣ በሥጋ ምርመራና ሥጋን አብስሎ በመብላት ነው።

እንዶድ ደግሞ በተቃራኒው የነባር ልማድ ምልከታ ወደ ሳይንስ የተሸጋገረበት ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ተመለከቱ። ቀንድ አውጣ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ነው፤ የከብትና የበግ የጉበት ትልም እንዲሁ በቀንድ አውጣ በኩል ያልፋል። ስለዚህ አንዱ ግኝት ለሰውም ለከብትም ተስፋ ሰጠ። ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

በዓይን በማይታየው ጠላት ፊት ግን ይህ ሁሉ እውቀት አቅም አጣ። እ.ኤ.አ. በ1887 ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የደስታ በሽታ ወደ አገራችን ዘለቀ። ከብቱ ያተኩሰዋል፤ አፉ ይቆስላል፤ ዓይኑና አፍንጫው ይፈሳል፤ ከዚያ ተቅማጥ ይጥለዋል። በየጓሮው የነበረው ቅጠልና ሥር ምንም አልፈየደም። በግምት ከመቶ ዘጠና የሚሆነው የቀንድ ከብት አለቀ። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን መጣ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት በመቆፈር ለሕዝቡ አርአያ ሆኑ። ረኃቡን ተከትሎም ተላላፊ በሽታ ሰዉን ጨረሰው። የከብት በሽታ የሰው ጤና ጉዳይ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምዕራፍ በታሪካችን አይገኝም።

የደስታ በሽታ የተሸነፈው በክትባት ነው፤ ክትባቱ ግን ያለ አርብቶ አደሩ አልበቃም። ለዓመታት የተካሄዱ ዘመቻዎች የአፋርን በረሃ በሚገባ ሊያዳርሱት አልቻሉም ነበር። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሙቀትን የሚቋቋም፣ ያለ ማቀዝቀዣ ለሳምንታት የሚቆይ ክትባት ሲገኝ፣ ከራሳቸው ከአርብቶ አደሮቹ መካከል የተመረጡ ሰዎች ሠልጥነው ከብቱን ከተቡ። ከብቱ የት እንደሚውል፣ የት ውኃ እንደሚጠጣ፣ የበሽታው ምልክትም ምን እንደሆነ ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። በአገራችን የመጨረሻው ወረርሽኝ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 በዚያው በአፋር ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ሆነ። አባቶቻችን ያወረሱን ቅጠልና ሥር ብቻ አልነበረም፤ በሽታን የሚያስተውል ዓይንም ነበር። በዚህ በሽታ ላይ የሠራውም ያ ዓይን ነው።

ይህ ታሪክ ለጤና ባለሙያው ሁለት ነገር ያሳስበዋል። የመጀመሪያው፣ መዘግየት የሚገድልባቸው በሽታዎች መኖራቸውን ነው። በእብድ ውሻ የተነከሰ ሰው ሥር ሲጠጣ ቆይቶ ምልክቱ ከታየበት በኋላ የሚያድነው ሕክምና የለም ማለት ይቻላል፤ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብና ፈጥኖ ክትባት መጀመር ግን ሕይወቱን ያተርፋል። አባ ሰንጋም በጊዜ ከተደረሰበት በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይድናል። ሊሞት ሲያጣጥር የታረደ ከብት ሥጋ ግን አይበላም፤ በአባ ሰንጋ የተጠረጠረ በድንም አይከፈትም።

ሁለተኛው፣ መጠየቅን ነው። ሕመምተኛው ጥቁር ቅርፊት ያለው ቁስል ይዞ ሲመጣ፣ «በቅርቡ ከብት ታሞብዎት ነበር? ምን ሰጡት? ሥጋውንስ ምን አደረጉት?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ከምርመራው ክፍል ሊቆጠር ይገባል። የተናቀ ሰው መድኃኒቱን ይደብቃል፤ የተከበረ ግን ይናገራል። መልሱም የአንዱን ሕመምተኛ ብቻ ሳይሆን ከዚያው ከብት ሥጋ የደረሳቸውን የመንደሩን ሰዎች ሁሉ ሊያድን ይችላል።